የፓላው ጄሊፊሽ ሐይቅ የቀን ጉዞ፦ ከ5 ኮከብ 4

ሥራዬ ሒሳብ መያዝ ነው፤ ቨርጂኒያ ቁጭ ብዬ የሰው ደረሰኝ ስደምር ነው የምውለው። ስለዚህ ከክፍያው ልጀምር።

ፓላው፣ ማለትም ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ትንሽ የደሴቶች አገር፣ የሚገባ እንግዳ 100 ዶላር የአካባቢ ጥበቃ ይከፍላል። ቲኬቱ ውስጥ ተደምሮ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሐይቁ ያለበትን የሮክ አይላንድስ ደሴቶች ከነሐይቁ ለማየት ደግሞ ሌላ የ100 ዶላር ፈቃድ አለ፤ ያለ ሐይቁ 50 ነው። አስጎብኚያችን "ሁሉንም ያካተተ" ብሎ ሸጦልን፣ ይቺን 100 የነገረን ጠዋት ኮሮር ከተማ ላይ ጀልባ ልንሳፈር ስንል ነው። ኮከቧ የተቀነሰችው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ ለ10 ቀን እንደሚያገለግል እንኳ የሰማሁት ከሬንጀሩ (ከቦታው ጠባቂ) ነው።

ኤርፖርት ላይ ፓስፖርቴ ላይ አንድ ገጽ የሚሞላ ማህተም መቱና ፈርሚ አሉኝ። ከ2017 ወዲህ የመጣ ነገር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፤ ደሴቷን ላለመጉዳት ለፓላው ልጆች የሚገባ ቃል። አሜሪካዊ ዜግነት ስወስድ ከማልኩት ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ሰንስክሪኔ (የፀሐይ መከላከያ ክሬሜ) ግን አላለፈም። አስጎብኚው ጀርባውን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ኦክሲቤንዞን ላይ ቆመ። ኮራል (የባሕር ዛጎል ድንጋይ የሚሠሩትን ሕያዋን) ይጎዳሉ የተባሉ፣ እሱን ጨምሮ 10 ኬሚካሎች ከ2020 ጀምሮ በሕግ ተከልክለዋል። ምትኩን፣ ነጩን የዚንክ ክሬም ገዛሁ። ጥቁር ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ፎቶዎቼ ሁሉ ላይ ወፍጮ ቤት የዋልኩ እመስላለሁ።

ሐይቁ ጋ ለመድረስ ገመድ ይዞ ዳገት ወጥቶ መውረድ ነው። ውሃው አረንጓዴ ነው። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዚያ አንድ ጄሊፊሽ፣ እንደ ጄሎ የሚርገበገብ የባሕር እንስሳ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። አንዷ መዳፌ ላይ አረፈች፤ የሕፃን እርግብግቢት የነካሁ ነው የመሰለኝ። ሲነድፉ አይሰማም። ሰውነታቸው ውስጥ ያለው አልጌ ከብርሃን ምግብ ስለሚሠራላቸው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲከተሉ ይውላሉ። በ2016 ድርቅ ከሐይቁ ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ ክልክል ነው፤ 15 ሜትር ገደማ ሲወርዱ መርዛማ ውሃ አለ።

ስንመለስ አስጎብኚው ስለ ቡል አጫወተን። ድሮ ዓሣ የሚራባበትን ቦታ አለቆች ቡል ብለው ይዘጉታል፣ ማንም መረብ አይጥልም። የአባቴ አገር መንዝ ስለሆነ ጓሳ ለዓመታት ተዘግቶ ሣሩ ሳይታጨድ ሲቆይ በወሬ አውቃለሁና አልገረመኝም። የገረመኝ ስፋቱ ነው፦ በ2015 በወጣ ሕግ፣ ከ2020 ጀምሮ ከባሕራቸው 80 በመቶው ለዓሣ አስጋሪ ዝግ ነው። የጀልባው ነጂ ግን ብዙም ደስ አላለው፤ ቱና ሲቀንስ ሰው ወደ ሪፉ (ኮራሉ አካባቢ ወዳለው) ዓሣ ዞረ ይላል። ፕሬዝዳንት ሱራንጄል ዊፕስም ከፊሉ ይከፈት የሚል ሐሳብ ማቅረባቸው ይታወቃል። እኔ በበኩሌ የከፈልኩት የት እንደሚገባ ስጠይቅ ሬንጀሮቹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጀልባቸው መጥቶ ፈቃዳችንን አንድ በአንድ አይቷል። ከዚህ በፊት ከከፈልኳቸው የመግቢያ ክፍያዎች ስንቱ እንዲህ ታይቶኛል?

ምሳው ሩዝና የቀዘቀዘ ዶሮ ነው። ሚጥሚጣ ያዙ፤ የእኔን ማንም አልነካብኝም።