የእናቴን የግፊት መድኃኒት ለአስረዳን ፋርማሲስት ምስጋና

ሰላም ወገኖች። ቤታችሁ ውስጥ የግፊት ክትትል ያለበት ሰው ካለ አንድ ፋርማሲስት ልጠቁማችሁ፤ በዚያውም ላመስግነው። ስሜን አትጥቀስ ስላለኝ አልጠቅሰውም። የሚሠራው ሰፈራችን ጤና ጣቢያ አጠገብ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው።

እማዬ ለግፊቷ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። በኋላ ደረቅ ሳል ያዛትና ሌሊት እንቅልፍ ነሳት፤ የሄድንበት ክሊኒክ የሳል ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። ሽሮፑ ሲያልቅ ሌላ ልንገዛ ገባን። ፋርማሲስቱ ልጅ ግን ከመሸጡ በፊት «እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት ኪኒን አለ?» አላት። ቦርሳዋን ስትከፍት ከኢናላፕሪሉ ጋር አቴኖሎል የሚባል ሌላ የግፊት ኪኒን ወጣ። ለካ ጎረቤታችን «እኔን ተስማምቶኛል፣ ይኼኛው አያስልም» ብለው ሰጥተዋት፣ በራሷ ልትቀይር ኖሯል! እኔም የሰማሁት እዚያው ነው።

ሳሉ ከራሱ ከኢናላፕሪል ሊመጣ እንደሚችል ነገረን። መድኃኒቱ አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚባለውን ሆርሞን የሚሠራውን ኢንዛይም ይዘጋል። ያው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የተባለ ንጥረ ነገርንም ስለሚሰባብር፣ ሲዘጋ ብራዲካይኒኑ ይጠራቀምና ያስላል። እማዬ ይሄኔ «ታዲያ ግፊቴ 130/80 ገብቷል፤ ሁለቱንም ብተዋቸውስ?» አለች።

የኪኒን ፖስታ አገላብጦ ሁለት ክብ ሣለላት፤ አንዱ ስስ፣ ሌላው ግድግዳው ወፍሮ መሃሉ የጠበበ። «ይኼኛው ግፊት የቆየበት ትንሽ የደም ሥር ነው።» አንጂዮቴንሲን ሁለት የደም ሥሩን ከማኮማተር አልፎ የግድግዳው ጡንቻ እንዲያድግና ወደ ውስጥ ተጠጋግቶ እንዲደረደር ያደርጋል። ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉ፣ ሴሎችን የሚያሳድጉ ንጥረ ነገሮችንም ይቀሰቅሳል፤ ከእነሱ አንዱ ቲጂኤፍ ቤታ ግድግዳው ላይ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክር ያስከምራል። አልዶስቴሮን የሚባለው ሆርሞንም ጨው ከማስቀረቱ ሌላ በዚሁ ማጠንከር ያግዛል። የመሃሉ ራዲየስ በ10 በመቶ ብቻ ቢጠብ ደሙ የሚገጥመው ተቃውሞ በ50 በመቶ ገደማ ይጨምራል አለን፤ ቤት ገብቼ አሰላሁት፣ እውነቱን ነው። ቁጥሩ ስለወረደ ግድግዳው ወዲያው አይሳሳም፤ ያ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ አቴኖሎሉ ያነሳው ደግሞ ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ የተሠራና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። ግማሾቹ ታካሚዎች ሎሳርታን የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት፣ ግማሾቹ አቴኖሎል ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ከመቀመጫቸው ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ የደም ሥራቸው ታየ (እማዬ እዚህ ላይ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች)። ግፊቱ በሁለቱም ወርዷል፤ የትንንሾቹ የደም ሥሮች ግድግዳ የተሻሻለው ግን ሎሳርታን በወሰዱት ላይ ነው። አቴኖሎል መጥፎ መድኃኒት ነው አላለም፤ ለልባቸው የሚታዘዝላቸው ሰዎች አሉ። «የእርስዎን ሐኪም ሳንጠይቅ ግን አይሆንም» ብሎ እኛው ፊት ለሐኪሟ ደወለ። ኢናላፕሪሉ በሎሳርታን ተቀየረ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራም ታዘዘ። ሎሳርታን ኢንዛይሙን ሳይሆን የአንጂዮቴንሲን ሁለትን መቀበያ ስለሚዘጋ ብራዲካይኒኑን አያጠራቅምም። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቃት።

ያን ቀን ሽሮፕ ሸጦ ሊሸኘን ይችል ነበር፤ አንዲት ሳንቲም አላተረፈብንም። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ወረፋ ስለሚበዛ ከሰዓት ይሻላል። ስትሄዱ ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተሰጣችሁንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ።