ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ፦ የፍጥነት መንገዱ በበዓል ሰሞን

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በአዘቦት ቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በበዓል ዋዜማ ግን ጊዜ የሚበላው መግቢያው ቱሉ ዲምቱ ሳይደረስ፣ ከቃሊቲ ጀምሮ ነው፤ ከባዱ መኪና፣ ታክሲው፣ በግ ጣሪያው ላይ የጫነው ሚኒባስ ተደራርቦ ይቆማል። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት መግቢያው ላይ መገኘት ይሻላል። በኢሬቻ ሰሞን ደግሞ መጨናነቁ ቢሾፍቱ ዙሪያ ነው።

መንገዱ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። በየአቅጣጫው ሦስት መስመር አለው፤ ጋሪ የለ፣ ባጃጅ የለ። ሂሳቡ መውጫው ላይ እንደ ርቀቱና እንደ መኪናው ዓይነት ስለሚከፈል ክፍያው አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ዋናው ጉዳይ ጎማ ነው። ሰውና ሻንጣ የሞላ መኪና ነፋሱ ከጎደለ የጎማው ጎን በየዙሩ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ በፍጥነት ላይ ይፈነዳል። ነፋሱ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ቋሚው ላይ ተጽፏል፣ ለሙሉ ጭነት የሚሆነው ቁጥር ለብቻው ነው። የጎማው ጎን ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ጉዞው ይቅር። ክሪክ (የመኪና ማንሻው) እና ስኮርታ (ትርፉ ጎማ) ከሻንጣ ሥር አይቀበሩ፤ በመንገድ ዳር ሁሉንም ማራገፍ አደገኛ ነው።

የመልስ ጉዞው ዳገት ነው። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ከወጣ ኤሲ ይጥፋ፣ ማሞቂያው ይከፈት፤ ካልወረደ ዳር ይዞ መቆም ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግን ሳይበርድ ፈጽሞ አይነካ!