የአይጥ መዋኛ ገንዳችን ስምንት ወር ሞላው፦ የሞሪስ ወተር ሜዝ በደሴ ብርድ

ኮምቦልቻ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሰራ የክላስ ጓደኛዬ ባለፈው ደውሎ «አንቺ፣ ያ የአይጥ ገንዳችሁ እንዴት ነው? እኛም ፕሮፎርማ ልንሰበስብ ነው፣ ይገዛል አይገዛም?» አለኝ። በስልክ ጀምሬለት ካርዴ አለቀ። ስለዚህ ልፃፈውና ሌላም ሰው ይጠቀምበት ብዬ ነው።

ዕቃው (ሞሪስ ወተር ሜዝ ይሉታል፣ አይጥ ቦታ ታስታውሳለች ወይ የሚለው የሚለካበት) 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጥቁር የፋይበርግላስ ገንዳ ነው፣ ለትንሿ አይጥ የሚሆነው ማለት ነው፣ ለአይጠ መጎጥ ከሆነ ከ1.5 ሜትር በላይ ያስፈልጋችኋል። አብሮት አንድ ፕላትፎርም፣ አንድ ካሜራ፣ አይጧ የዋኘችበትን መንገድ ከቪዲዮው የሚከታተል አንድ ትራኪንግ ሶፍትዌርና ከላይ የምትሰካ ትንሽ ባንዲራ መጣ። ባንዲራዋን ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያው ደረሰኝ) ሲቆረጥ ማንም አልቆጠራትም ነበር፣ ካርቶን ውስጥ ከፌስታል ጋር ልትጣል ስትል ነው ያገኘኋት። ስለሷ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ብር ውስጥ ዋጋዋን የመለሰችው እሷ ናት።

ለማያውቅ ሰው፣ አይጧን ውሃ ውስጥ ትለቃታለህ፣ ከውሃው በታች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የተደበቀ ፕላትፎርም አለ፣ አታየውም፣ ግን የክፍሉ ግድግዳ ላይ የለጠፍካቸውን ትልልቅ ምልክቶች እያየች ቦታውን ትለምደዋለች። በቀን አራት ጊዜ በየአቅጣጫው እየቀያየርክ ትለቃለህ፣ በ60 ሰከንድ ካላገኘችው በእጅህ ትመራታለህ፣ ላዩ ላይ 15 ሰከንድ ትቀመጣለች፣ አምስት ቀን እንዲህ ነው። በነጋታው ፕላትፎርሙን ታወጣውና የት እንደምትፈልገው ታያለህ። ገንዳው በሀሳብ አራት ቦታ ይከፈላል፣ ዝም ብላ የምትዋኝ ከሆነ ከ60ው ሰከንድ 15ቱን ነው የትኛውም ሩብ ላይ የምታጠፋው፣ ካስታወሰች ግን ድሮ ፕላትፎርሙ የነበረበት ሩብ ውስጥ ትመላለሳለች። ይሄን ሳይ መጀመሪያ ቀን አንጀቴን በላኝ፣ የትዝታ ቅኝት አገር ተቀምጠን የአይጥ ትዝታ በሰከንድ እንለካለን ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

አሁን ወደ ችግሩ። ውሃ! ገንዳውን 30 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት 340 ሊትር ያህል ይፈልጋል፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 17 ማለት ነው። እኔ የምኖረው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፣ ስሙ ነው እንጂ ውሃው እንኳ ሲፈልግ ነው የሚመጣው፣ ላብራቶሪውም ያው ነው። መጀመሪያ በየቀኑ እንቀይር ነበር፣ አሁን ቆሻሻውን በሻይ ማጥለያ እየለቀምን በሁለት ቀን አንዴ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ጠዋት ከጦሳ ተራራ ጉሙ ሳይነሳ ቴርሞሜትር ስትከት 15 ዲግሪ ይልሃል፣ እኛ የምንሰራው 22 እና 23 ላይ ነው። ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያ ከዛ እዚህ ለማድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፣ መብራት ካልሄደ! (ማሞቂያውን ሳትነቅሉ እጃችሁን እንዳትከቱ፣ አይጥ ደግሞ በጭራሽ።) አንዴ ማሞቂያውን ረስተነው ውሃው 28 ደረሰ፣ አይጦቹ መዋኘት ትተው እግራቸውን ዘርግተው ተንሳፈፉ፣ ሶደሬ የመጡ ነው የመሰላቸው። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያ ትዝታ ሳይሆን ብርድ ነው የሚለካው። ከወጡ በኋላ ፎጣና አምፖል ግዴታ ነው።

መመሪያው ላይ ፕላትፎርሙ እንዳይታይ ውሃውን በዱቄት ወተት አደብዝዙት ይላል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሞሪስም እ.ኤ.አ. በ1981 ሴንት አንድሩስ ሆኖ ዘዴውን ሲያስተዋውቅ ወተት ነው የተጠቀመው። እኛም አንድ ጊዜ ሞከርነው፣ የፅዳት ሰራተኛችን የወተቱን ቆርቆሮ ስከፍት አይተው «ልጄ፣ በዚህ ኑሮ ወተት ለአይጥ መታጠቢያ?» አሉኝ፣ አፍሬ መልስ አጣሁ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ክፍሉ እርጎ እርጎ ሸተተ፣ እኔም ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ነጭ አይጥ ላለው ሰው ወተት ጭራሽ ጉዳት ነው፣ ነጭ አይጥ በነጭ ውሃ ላይ ካሜራው አያያትም። ጥቁር ገንዳ፣ ጥቁር ፕላትፎርም፣ ንፁህ ውሃ፣ አለቀ። የቀረው የመብራት ነፀብራቅ ነው፣ ከጣሪያ ያለውን ረጅም አምፖል ሶፍትዌሩ አይጥ ነው ብሎ ሲከተለው ይውላል። አምፖሎቹን አጥፍተን መብራት ወደ ግድግዳ አዙረን ነው የተገላገልነው። እኔ ራሴም ምልክት እንደሆንኩ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ሁሌ በር አጠገብ እቆም ነበር፣ አንድ ቀን ቀይ ሹራብ ለብሼ መስኮቱ ጋ ስቆም ያን ቀን ሁሉም ተበላሸ።

የባንዲራዋ ነገር እንዲህ ነው። በሁለተኛው ወር የማስተርስ ተማሪዎች የዕፅዋት ጭማቂ ለማስታወስ ይረዳል ወይ ብለው ሊፈትሹ መጡ። ከአንድ ካርቶን የመጡት አይጦች፣ መድኃኒት ያልነካቸው፣ ጨው ውሃ ብቻ የተወጉት ጭምር፣ አምስት ቀን ሙሉ የገንዳውን ግድግዳ እየታከኩ ይዞራሉ፣ በቃ መሃል አይገቡም። «የማስታወስ ችግር» ተብሎ ሊፃፍ ነበር። እኔ ዝም ብዬ ያቺን ባንዲራ ፕላትፎርሙ ላይ ሰካሁና ከውሃው በላይ ብቅ አደረግኩት። የሚያይ እንስሳ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድላት፣ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ሂፖካምፐሳቸው (ቦታ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) የተጎዳ አይጠ መጎጦች የተደበቀውን ሲያጡ የሚታየውን ግን እንደሚያገኙ አሳይተዋል። የኛዎቹ እሱንም አላገኙትም፣ አጠገቧ ደርሰው ያልፏታል። ታውረዋል! አንዳንድ ነጭ የስዊስ ዝርያዎች፣ ሲ3ኤች እና ኤፍቪቢ የሚባሉትም፣ አርዲ1 የሚባል የጂን ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፣ ጡት ሲጥሉ የዓይናቸው ብርሃን ተቀባይ ሴል አብዛኛው አልቋል። ጂን መመርመሪያ ባይኖረንም ባንዲራዋ በአንድ ከሰዓት ነገረችን። ተማሪዎቹ ስድስት ሳምንት ሊያጡ ነበር፣ አንዷ አለቀሰች፣ አብሽሪ ብለን ሌላ ካርቶን አመጣንላት፣ ከዛ ወዲህ ባንዲራ ያላለፈች አይጥ ወደ ሙከራ አትገባም።

ከዛ ነው ለዓይን ብቻ ሌላ ሳጥን ይኑረን ያልነው። ካናዳ ሌዝብሪጅ ውስጥ እነ ፕሩስኪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት አለ፣ አንዱ ጫፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆነ ገንዳ፣ ሰፊው ጫፍ ላይ ሁለት ስክሪን፣ መሃላቸው ግድግዳ። አንዱ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር፣ ሌላው ላይ ግራጫ፣ ፕላትፎርሙ ሁሌ ከመስመሩ ስር ነው። መስመሩን እያቀጠንክ ትሄዳለህ፣ ከመቶ 70ውን ጊዜ መስመሩን መምረጥ ሲያቅታት እዛ ላይ ዓይኗ አበቃ ማለት ነው። ጤነኛ አይጥ 0.5 ዑደት በዲግሪ ገደማ ነው የምታየው፣ አንድ ዑደት ማለት አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ መስመር ነው። ክንድህን ዘርግተህ አውራ ጣትህን እይ፣ ስፋቱ ሁለት ዲግሪ ያህል ነው፣ አይጧ እሱ ላይ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ብቻ ነው መለየት የምትችለው፣ ሰው ግን ወደ 60 ጥንድ ይለያል። የኛን አናጢ ሰራልን፣ ስክሪን ስለሌለን መስመሩን ፒያሳ አሳትመን ላሚኔት አስደረግነው፣ ላሚኔቱ አብለጨለጨና እንደገና በማያብለጨልጭ አሰራን። ይሰራል፣ ግን ትዕግስት ይጠይቃል፣ አንዷን አይጥ ለማሰልጠን ብቻ ቀናት ይሄዳል።

ዕቃው ላይ ቅሬታዬ? ፕላትፎርሙ ያንሸራትታል፣ አይጧ ወጥታ ትወድቃለች፣ የወንፊት ሽቦ አልብሰነው ተስተካከለ። የማፍሰሻው ቧንቧ በሶስተኛው ወር አንጠበጠበ፣ ቴፍሎን አዳነው፣ ቀዳዳው ግን ጠባብ ስለሆነ ለማፍሰስ ምሳ በልተህ ትመለሳለህ። ሶፍትዌሩ ነው ያቃጠለኝ፣ በዶንግል (ኮምፒውተር ላይ በምትሰካ የፈቃድ ቁልፍ) ነው የሚከፈተው፣ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ሌላው ላይ እምቢ አለ፣ አስመጪው መጀመሪያ «እሺ እህቴ ዛሬ እልካለሁ» አለ፣ ከዛ ስልክ ማንሳት ተወ። አሁን ቪዲዮውን ቀድተን በነፃ በሚገኘው ኢዚትራክ በሚባል ሶፍትዌር ነው የምናወጣው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስቶፕዎች።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ገንዳውን ግዛ፣ ፋይበርግላሱ በስምንት ወር ጭረት እንኳ የለውም። ፕላትፎርሙን እዛው ኮምቦልቻ አሰራ፣ ሶፍትዌሩን ከፕሮፎርማው ላይ ሰርዝ። እናንተ ጋ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ማሞቂያው ብዙ አያስጨንቅህም፣ ግንቦት ላይ እንደውም በረዶ ትፈልግ ይሆናል። ባንዲራ ግን አትግዛ፣ ከሽቦና ከጥቁር ፕላስቲክ ሁለተኛ ሰርቻለሁ፣ በሐረጎ ወደናንተ ለሚወርድ ሚኒባስ ሰጥቼ እልክልሃለሁ።