ፒስ ሪቨር ላይ የሻርክ ጥርስ ፍለጋ፦ በጋይድ፣ በኪራይ ወይስ በራስ ካያክ?

ድንጋይ የሆነ የጥንት ሻርክ ጥርስ ፍለጋ ፍሎሪዳ ወዳለው ፒስ ሪቨር መጀመሪያ የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነበር። ትልቅ ስህተት። የፍሎሪዳ ዝናብ እንደ ሀገር ቤት ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፤ ወንዙ ሞልቶ፣ ጥርስ ያለበት ጠጠር ከቁመቴ በላይ በሆነ ውሃ ስር ገብቶ፣ ቀኑን ሙሉ ስቀዝፍ ውዬ በቢምቢ ተበልቼ ባዶ እጄን ታምፓ ገባሁ። ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ወሩን ምረጡ፦ ከኅዳር እስከ ግንቦት። ያኔም ቢሆን ከመነሳታችሁ በፊት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ (የመሬትና የውሃ ጥናት መሥሪያ ቤት) በኢንተርኔት የሚያወጣውን፣ ወንዙ በሚያልፍባቸው በዞልፎ ስፕሪንግስና በአርካዲያ ከተሞች ያለውን የውሃ ከፍታ እዩት። ሰሞኑን እየጨመረ ከሆነ ቅሩ።

ለማያውቀው፣ ፒስ ሪቨር ከባርቶው አካባቢ ተነስቶ በዋቹላ፣ በዞልፎ ስፕሪንግስና በአርካዲያ አድርጎ ሻርሎት ሃርበር ላይ ባሕር የሚገባ ወንዝ ነው። ፍሎሪዳ ድሮ ባሕር ስር ነበረች፤ ቆይታ ደግሞ ማሞዝ (ዘሩ የጠፋ የዝሆን ዘመድ) እና ፈረስ የሚግጡባት ሜዳ ሆነች። ወንዙ የሁለቱንም ዘመን አፈር እየሸረሸረ አንድ ላይ ስለሚደፋው የሜጋሎዶን (ዘሩ የጠፋ ግዙፍ ሻርክ) ጥርስና የማሞዝ ጥርስ ስባሪ ከአንድ አካፋ ጠጠር ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ ምርጫው ሦስት ነው።

ጋይድ፣ ማለትም ቦታውን የሚያውቅ መሪ፣ ይዞ መሄድ ውዱ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ በሰው ስለሚታሰብ አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ያማል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ክፈሉ እላለሁ። ምክንያቱም የሚከብደው መቆፈሩ አይደለም፣ የት እንደሚቆፈር ማወቁ ነው። አሸዋ ላይ ብትውሉ ምንም አታገኙም። ጋይዱ በብረት ዘንግ የወንዙን ወለል ወጋ ወጋ ያደርጋል፣ አሸዋ ከሆነ ዘንጉ ዝም ብሎ ይሰምጣል፣ ጠጠር ሲነካ ግን ቅርር የሚል ድምፅ እጃችሁ ድረስ ይመጣል። ያንን አንዴ ከሰማችሁ ሁለተኛ ጋይድ አያስፈልጋችሁም። ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ነው የሚወስደው? ያገኘነውን ሁሉ ይዘን መሄድ እንችላለን?

ጀልባ መከራየት ለእኔ የሚያዋጣው ነው። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በጀልባ ነው የሚታሰበው። ሰው የማያስተውለው ግን መጓጓዣውን ነው። ወንዙ ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈሳል፤ አከራዮቹ መኪናችሁን ታች አስቁመው እናንተን ከነጀልባው ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል ያደርሷችኋል፣ ከዚያ ከውሃው ጋር እየወረዳችሁ መኪናችሁ ጋ ትደርሳላችሁ። መጓጓዣው ዋጋው ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። አካፋና ወንፊት አብረው ይሰጡ እንደሆነም ጠይቁ።

ሌላው ጥያቄ ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ወይስ ካኑ (ሰፋ ያለ፣ ላዩ ክፍት የመቅዘፊያ ጀልባ) ነው። ካያክ ፈጣን ነው፣ ለብቻ ለሚሄድ ሰው ደስ ይላል። ግን አካፋ፣ ወንፊት፣ ባልዲ፣ የምሳ ሳጥን የት ታስገባላችሁ? እኔ አንዴ ሁሉን ጀርባዬ ላይ ከምሬ ስወርድ ተገለበጥኩና የመኪና ቁልፌ ወንዙ ውስጥ ቀረ። ልጅ ካላችሁ ያለ ክርክር ካኑ። ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ላይፍ ጃኬት መልበሱ የፍሎሪዳ ሕግ ነው፤ ለአዋቂውም ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጀልባው ላይ መኖር አለበት። አዎ፣ አዞም አለ። ዳር ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ራቅ በሉለት።

የራስን መግዛት? ሦስት ጊዜ ሳትሄዱ አትግዙ። ሞተር የሌለው ካያክ ፍሎሪዳ ውስጥ ምዝገባ አይጠይቅም፣ እሱ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚያደርሳችሁ ሰው ስለማይኖር ወይ ሁለት መኪና ያስፈልጋችኋል፣ ወይ መጀመሪያ ሽቅብ ቀዝፋችሁ ትመለሳላችሁ። በአየር የሚነፋው ርካሹ ዓይነት ደግሞ ስለታም ድንጋይና የወደቀ ግንድ በሞላበት ወንዝ ላይ ያስፈራል።

በየትኛውም ብትሄዱ ፈቃዱን አትርሱ። ለሻርክ ጥርስ አያስፈልግም። የሌላ የጥንት እንስሳ አጥንት ወይም ጥርስ ለመውሰድ ግን የፍሎሪዳ ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ5 ዶላር የሚሰጠው የአንድ ዓመት ፈቃድ አለ። የሰው እጅ የሠራውን፣ ለምሳሌ የድንጋይ ቀስት ጫፍ፣ ከወንዙ መውሰድ ክልክል ነው። ሀገር ቤት ሉሲ በ1974 እ.ኤ.አ. ከተገኘችበት ከሐዳር አንድ ጥርስ ኪስ ውስጥ ከትቶ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል፣ እዚህ በ5 ዶላር ይፈቀዳል፤ መጀመሪያ ስሰማ ማመን አቅቶኝ ነበር።

ገንዘብ ማውጣት ካማራችሁ ወንፊት ላይ አውጡ። እኔ ራሴ ነው የሠራሁት፦ አራት ጣውላ፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ያለው የብረት መረብ፣ ዙሪያውን እንዲንሳፈፍ ልጆች መዋኛ ላይ የሚይዙት የስፖንጅ ዱላ። ስትነፉ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ነገር ካያችሁ ጠርዙን በጥፍራችሁ ዳብሱት። እንደ መጋዝ ጥፍራችሁን ከያዘው ጥርስ ነው። ከባድ፣ ድፍን፣ ሙዝ የመሰለ ድንጋይ ካገኛችሁ ደግሞ እንደኔ መልሳችሁ አትወርውሩት፤ የባሕር ላም የጎድን አጥንት ነው፣ እኔ ሳላውቅ አንድ ባልዲ ሙሉ ወንዙ ውስጥ ደፍቻለሁ።