«ከበደኝ»ን በእንግሊዝኛ፦ ስለ አንድ የደሴ የማታ ኮርስ

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ለሁለት ወር የማታ እንግሊዝኛ ተከታትያለሁ። የማሠልጠኛውን ስም አልጠቅስም፤ ከማመሰግንበት ባልተናነሰ የምወቅስበትም ነገር አለኝና። የከፈልኩት 2,400 ብር ሲሆን ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። ኮርሱ የሸፈናቸውን ርእሶች ሁሉ እዚህ መዘርዘር አልፈልግም፤ ሰላምታውም፣ ራስን ማስተዋወቁም የትም የሚገኝ ነው። ልጽፍበት የፈለግኩት በሦስተኛው ሳምንት ስለተማርነው አንድ ነገር ነው፤ እሱም አንድ ሥራ ወይም ሁኔታ ለሰው ከባድ መሆኑን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምንናገር ነው።

ነገሩ ይህን ያህል ያሳሰበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማዋ እንደ እኔ ያለ ሠራተኛ ከውጭ አገር ኃላፊ ጋር በእንግሊዝኛ መጻጻፉ የተለመደ ሆኗል። ኮርሱን ከመጀመሬ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አዲስ የሸሚዝ ኮሌታ መጣና በስፌት ማሽን ላይ የሚሠሩት ልጆች (ኦፕሬተሮቹ) ማያያዙ ከበዳቸው። እኔም ለኃላፊው በስልክ «ዘ ኦፕሬተርስ አር ቬሪ ዲፊከልት ዊዝ ዚስ ኮላር» ብዬ ላክሁለት። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ የስፌት መስመሩ ድረስ መጥቶ የእነማን እንደሆነ የስም ዝርዝር እንድሰጠው ጠየቀኝ፤ ለካ ማስጠንቀቂያ ሊጽፍ ኖሯል። እኔ «ተቸግረዋል» ያልኩ መስሎኝ የላክሁት «አስቸግረዋል» የሚል መልእክት ነበር። ነገሩ የበረደው ኮሌታውን ከማሽኑ ላይ አንሥቼ፣ ጠርዙ የሚሸበሸብበትን ቦታ በጣቴ ካሳየሁት በኋላ ነው።

መምህሩ ትምህርቱን የጀመረው ከእንግሊዝኛው አይደለም። ሰሌዳው ላይ «ይከብደኛል» ብሎ ጻፈና «በዚህ ቃል ውስጥ ሰውየው የት አለ?» ብሎ ጠየቀን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «መጨረሻዋ ላይ፣ ኝ ላይ» አለ። መምህሩም ከሥሩ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «አመመኝ» እያለ ጻፈና በሁሉም ዘንድ ሰውየው ነገሩ የሚደርስበት እንጂ የሚያደርገው እንዳልሆነ አስረዳን። ችግሩ የሚመጣው እንግሊዝኛ እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓይን ስለማያይ ነው። «ራበኝ» ሲተረጎም ሰውየው ወደ ፊት ወጥቶ «አይ አም ሃንግሪ» ይላል፤ «ጠማኝ» ሲሆንም እንዲሁ «አይ አም ተርስቲ» ይባላል። ይህን የለመደ ሰው «ከበደኝ» ሲመጣበት በዚያው መንገድ ሄዶ «አይ አም ዲፊከልት» ቢል አይፈረድበትም። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ መንገድ ይቀይራል፤ ሰውየውን ከባለቤቱ ቦታ አንሥቶ ምንም የማታመለክት «ኢት» የምትባል ቃል ያስቀምጥበታል፣ ሰውየውንም ከ«ፎር» በኋላ ያመጣዋል። «ኢት ኢዝ ዲፊከልት ፎር ሚ ቱ ዌክ አፕ ኧርሊ» ሲባል ከባዱ ነገር በማለዳ መነሣቱ ነው፣ «ሚ» የሚከብደኝ እኔ ነኝ፣ «ኢት» ግን ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የላትም። ሰውየውን በ«አይ አም ዲፊከልት» መልክ ፊት ለፊት ካስቀመጥነው እኛ «አስቸጋሪ ሰው» እንደምንለው ጠባዩን መናገራችን ይሆናል። የኔ የኮሌታ መልእክት የተሰናከለችው እዚህ ላይ መሆኑ የገባኝ ያን ማታ ነው።

ቀጥሎ የተሰጠን ልምምድ ስለ ሐረጎ መንገድ ነበር። ክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። መምህሩ «በጉም ጊዜ መንገዱን ማየት ለሹፌሮች ይከብዳቸዋል» የሚለውን እንድንተረጉም ሲጠይቅ፣ የሚኒባስ ሹፌር የሆነ አንድ የክፍላችን ተማሪ ተነሥቶ በሙሉ ልብ «ድራይቨርስ አር ዲፊከልት» አለ። አጠገቡ የነበሩ፣ ሰኞ ገበያ ሱቅ ያላቸው እናት «ልጄ፣ እሱስ እውነትህን ነው» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ትክክለኛው «ኢት ኢዝ ዲፊከልት ፎር ድራይቨርስ ቱ ሲ ዘ ሮድ ኢን ዘ ፎግ» ነው። እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ጠቃሚ ነገር አሳየን፦ በአማርኛ «ይከብዳቸዋል» መጨረሻ ላይ ስትመጣ በእንግሊዝኛ ግን መጀመሪያ ትነገራለች፤ ስለዚህ ከአማርኛው ጭራ ጀምሮ ወደ ኋላ መተርጎም ያዋጣል። «ለሹፌሮች» የምትለው «ለ» ደግሞ በሌላ ቦታ «ቱ»ም «ፎር»ም ስለምትሆን ብዙዎቻችን «ዲፊከልት ቱ ድራይቨርስ» እንል ነበር። በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሰውየው ከ«ፎር» ጋር፣ ድርጊቱ ከ«ቱ» ጋር ይሄዳሉ። ከ«ፎር» በኋላም «ሂም» እንጂ «ሂ» አይባልም።

«ከባድ» የሚለውን ቃላችንንም በሚገባ አየነው። በእኛ ቋንቋ አንድ ኩንታል ጤፍም ከባድ ነው፣ የማትሪክ ፈተናም ከባድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ኩንታሉን «ሄቪ»፣ ፈተናውን «ዲፊከልት» ወይም «ሃርድ» ብሎ ይለያቸዋል፤ «ኢንግሊሽ ኢዝ ሄቪ ፎር ሚ» ያለ ሰው ቋንቋውን ሚዛን ላይ ያወጣው ያስመስላል። «ሃርድ» ላይ «ሊ» ሲጨመርባት ትርጉሟ ፈጽሞ መለወጡንም የተረዳሁት ያኔ ነው። «አይ ወርክ ሃርድ» ተግቶ መሥራትን ሲገልጽ፣ «አይ ሃርድሊ ወርክ» ግን እምብዛም አልሠራም ማለት ነው። ከዚያ በፊት ለኃላፊዬ የትኛውን ጽፌለት እንደነበር ማስታወስ አልፈልግም።

እስከዚህ ድረስ ምስጋና ነው። ለተማሪ የሚታደለው የትምህርት ወረቀት፣ ሃንድአውቱ፣ ግን ያሳፍራል። ፎቶ ኮፒው ከመደብዘዙ የተነሣ የግማሹ ገጽ ፊደል አይለይም፤ የሚነበበውም ቢሆን ስሕተት አለበት። «ዌ ሃቭ ዲፊከልቲ ቱ ስፒክ» የሚል ምሳሌ ሰፍሮ አግኝቻለሁ፤ «ሃቭ ዲፊከልቲ» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ግስ «ኢንግ» ይዞ «ስፒኪንግ» መሆን ነበረበት። ለመምህሩ ባሳየው ወዲያው አምኖ ሰሌዳው ላይ አረመው፣ ወረቀቱ ግን በቀጣዩ ሳምንት ለገቡት አዲስ ተማሪዎች እንዳለ ታደለ። ይህ «ሃቭ ዲፊከልቲ» የሚለው አነጋገር ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ከሁሉ የቀለለው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ «ተቸግረዋል» ስንል ሰዎቹ ባለቤት እንደሚሆኑት ሁሉ እዚያም ሰውየው ያለ አደጋ ፊት ለፊት ይቀመጣልና። የተሰጠው ጊዜ ግን አሥር ደቂቃ አይሞላም። «አይ ፋይንድ ኢት ዲፊከልት» የሚለውም በስም ብቻ ተጠቅሶ ታልፏል።

ጭራሽ ያልተነሣ ነገርም አለ። «ዚስ ሌተር ኢዝ ዲፊከልት ቱ ሪድ» ሲባል ደብዳቤው ራሱ ባለቤት ስለሚሆን መጨረሻ ላይ «ኢት» አይጨመርም፤ እኛ ግን «ማንበቡ» ከምትለው «ኡ» የተነሣ ልንጨምር ይቃጣናል። በዚሁ መንገድ «ሂ ኢዝ ዲፊከልት ቱ አንደርስታንድ» ማለት ንግግሩ ለሰሚ አይገባም ማለት እንጂ እሱ መረዳት ይከብደዋል ማለት አይደለም። ይህን ያወቅኩት ኮርሱ ካለቀ በኋላ፣ ስለ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ሳላስበው መጥፎ ነገር ጽፌ ልልክ ስል አንድ ባልደረባዬ አስቁሞኝ ነው። ክፍሉን «ሰው አስቸጋሪ አይባልም» በሚል ደንብ ብቻ ከሸኙት ይህኛው ጉድጓድ ሳይታይ ይቀራል።

የቀረው ወቀሳዬ አጭር ነው። በአንድ ክፍል ከ40 የማያንስ ሰው ስለነበር በሁለት ወር ውስጥ ተነሥቼ የተናገርኩት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ትምህርቱ ተቋርጦ ማካካሻ አልተሰጠንም።

ከውጭ ኃላፊ ጋር የሚጻጻፍ ወይም እንደ እኔ ሰዋስው በትምህርት ቤት ተምሮ ዓረፍተ ነገር መሥራት የሚያዳግተው ሰው ቢመዘገብ ገንዘቡ አይቆጨውም፤ አፍ ለመፍታት ብቻ የሚፈልግ ግን ተማሪ የሚያንስበት ቦታ ይፈልግ። ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው መምህር እንደሚያስተምራችሁ ጠይቁ፤ ከአማርኛው የሚነሣው አንዱ ብቻ ነው። ሃንድአውቱ ሲሰጣችሁም «ሃቭ ዲፊከልቲ» የሚለውን ፈልጉና «ቱ»ዋን በእስክሪብቶ ሰርዟት።