ከልደታ አራተኛ ፎቅ ወደ ላንጋኖ አሸዋ

ብዙ ሰው ሪዞርት ሲገመግም ስለ አልጋው ስፋትና ስለ ፎቶው ማማር ይጽፋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከላዬ ላይ ምን አራገፈልኝ?

ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። የቧንቧውን ድምፅ ስሰማ ተነስቼ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን ሁሉ እሞላለሁ። ጠዋት የልጆች ቁርስ፣ ምሳ ዕቃ፣ ከዚያ ሜክሲኮ ወዳለው ቢሮ። ሥራዬ ሒሳብ ክፍል ነው። ሰኔ 30 በጀት ስለሚዘጋ ወሩን ሙሉ እያመሸን ነው የምንወጣው። ሰኔ አለፈ ሲባል ደግሞ ሐምሌ ይገባል፤ ጭቃ፣ ብርድ፣ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ የማይደርቅ ልብስ። ዘንድሮ ፈቃዴን ወሰድኩና ከባለቤቴ፣ ከልጆቼና ከእናቴ ጋር ላንጋኖ ወረድን።

የሪዞርቱን ስም ለጊዜው አልጽፍም። ቅሬታዬን ለሥራ አስኪያጁ ነግሬው ቁጭ ብሎ ሰምቶኛል፣ እናስተካክላለንም ብሏል። ጊዜ ልስጣቸው። ስለ ሐይቁ የምለው ግን ላንጋኖ ለመሄድ ላሰበ ሁሉ ይጠቅማል።

መንገዱ ደስ ይላል። እስከ ሞጆ በአዳማው የፍጥነት መንገድ፣ ከሞጆ እስከ ባቱ ደግሞ በሌላኛው። ጠቅላላው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ዝዋይ በምንላት ባቱ ዓሣ ሳይበሉ ማለፍ አይሆንም። ማክሰኞ ስለነበር እናቴም አብራን በላች። አስቸጋሪው ከዋናው አስፋልት ወደ ሐይቁ የሚገባው የጠጠር መንገድ ነው። የያዝነው ቪትዝ ነበር፤ ድንጋዩ ከሥር ሲመታው ልባችን ስንጥቅ ይል ነበር። ዝቅ ያለ መኪና ያላችሁ ቀስ በሉ።

ሐይቁን መጀመሪያ ያየ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ውሃው ማኪያቶ ይመስላል። ይህ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ደቃቅ ደለልና ማዕድን ስለሚንሳፈፍበት ነው። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ነው የሚታወቀው፤ ሰው ሳይሰጋ የሚዋኝበትም ለዚህ ነው። የገባንበት ዳር ደግሞ አሸዋ ነው፣ ቀስ እያለም ነው የሚጠልቀው። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፣ ቆንጆም ናት። ሐይቆቿ ግን እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ውስጥ ስላሉ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃሉ። ትንሽ ልጅ ይዤ እዚያ ውሃ ውስጥ አልገባም። ላንጋኖም ቢሆን ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ስለሆነ የቱ ጋ እንደሚዋኝ ሠራተኞቹን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ከፍ ይላል። መዋኘት ለጠዋት ነው።

አሁን ስለ እናቴ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ለዚህ ጉዞ ያወጣነው ገንዘብ ለእኔ የተመለሰው በእሷ በኩል ነው። ጉልበቷን ያማታል። ክረምት ሲገባ ይብስባታል፣ ፎቁን መውጣትና መውረድም አቅቷት ከቤት አትወጣም። ላንጋኖ ከፍታው ከ1,600 ሜትር በታች ስለሆነ ከአዲስ አበባ በደንብ ይሞቃል። ጠዋት አንዱ አስተናጋጅ ሳንጠይቀው ወንበር ተሸክሞ ውሃው ጫፍ ላይ አስቀመጠላት። ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ከተተች። ትንሽ ቆይታ ውሃውን በእጇ እየዘገነች ጉልበቷ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። ልጄ የአሸዋ መጫወቻ ባልዲውን ይዞ መጣና «እማማ፣ ጠበል ነው እንዴ?» አላት። «ውሃ ሁሉ የእግዜር ነው፤ ይልቅ አንተ አፍስልኝ» አለችው። ፀሐዩ እስኪበረታ ድረስ እየተመላለሰ ሲያፈስላት ቆየ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታጉተመትማለች። እናቴን እንዲህ ተዝናንታ ያየኋት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ቁርስ ቡፌ ነው፤ ጥሩ ነው። ጨጨብሳው ትኩስ ነው፣ ፍርፍሩ አልደረቀም፣ ፓፓያው ጣፋጭ ነው። «ዛሬ ምን ይበላል?» የሚል ጥያቄ የሌለበት ጠዋት ምን ማለት እንደሆነ ወጥ የምትሠራ ሁሉ ታውቀዋለች። ችግሩ የመጣው ረቡዕ ነው። ጾም ነው፤ ቡፌው ላይ ግን ለጿሚ የሚሆን ዳቦ፣ ማርማላታና ፍራፍሬ ብቻ ነበር። ምሳ ላይም ለእናቴ «ዓሣ አለ» አሏት። እናቴ በጾም ቀን ዓሣ አትነካም። ሪዞርቱ የሚያስተናግደው አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ሆኖ ረቡዕና ዓርብን አለማሰቡ ትልቅ ጉድለት ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጁም ነግሬዋለሁ።

ነገሩን ያዳነው ምግብ አብሳዩ ነው። ሰምቶ ራሱ ከኩሽና ወጣና እናቴ ፊት ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ተጋቢኖ በሸክላ ልሥራልዎት?» አላት። «ዘይቱን ቀነስ፣ ቃሪያውን ጨመር አድርግልኝ የኔ ልጅ» አለችው። እየተንተከተከ መጣላት። ዓርብ ደግሞ ሳንጠይቅ ምስርና ጎመን ሠርቶ ጠበቃት። እንዲህ ያለ ሰው ያለው ሪዞርት ሀብት አለው፤ ይያዘው።

ምሳና እራት ግን ይዘገያል። ርቧቸው የሚያለቅሱ ልጆች የያዘ ሰው ከመራቡ በፊት ይዘዝ። ዋጋውም ሜኑው ላይ የተጻፈው አይደለም። 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመርበታል። ሒሳብ ክፍል ስለምሠራ አስቀድሜ ደምሬ ነበር የማዘው፤ አጠገባችን የነበረ ቤተሰብ ግን ቢሉ ሲመጣ በጣም ነው የደነገጠው። የክፍሉንም ዋጋ ስትጠይቁ «ሁሉን ጨምሮ ስንት ነው?» በሉ። መጠጥ ከውጭ ማስገባት አይቻልም፤ የልጆች የታሸገ ውሃ ግን አልከለከሉንም።

ክፍላችን ንጹሕ ነው፣ አንሶላው ነጭ ነው፣ በረንዳው ላይ ግራር ጥላ ያጠላበታል። አጎበሩ ግን የተቀደደ ነበር። አካባቢው ወባ ያለበት ነው፤ የተቀደደ አጎበር እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። በፀጉር ማስያዣ ቋጥሬ አሳደርኩት፤ በማግስቱ ቀየሩልን። ስትገቡ መጀመሪያ አጎበሩን ዘርግታችሁ እዩ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፣ እኛ ደግሞ አጠገቡ ነበርን። ሌሊቱን በድምፁ ነው ያሳለፍነው።

ቅዳሜ ሲደርስ ቦታው ሌላ ሆነ። ለቀን መዝናኛ የሚመጡ ሰዎች በአውቶቡስ ገቡ፣ ዲጄው ስፒከሩን ወደ ሐይቁ አዙሮ ለቀቀው። ፈታ ማለት ለሚፈልግ ወጣት ጥሩ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ለማደር ከፍለው የገቡ ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት መንቃት የለባቸውም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ቀን ሂዱ፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ውሃውንም ብቻችሁን ታገኙታላችሁ።

እሁድ ስንመለስ መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዛን። ልደታ ስንደርስ እየዘነበ ነበር። እናቴን ባለቤቴ ደግፎ ፎቁን አወጣት። ሰኞ ሌሊት ውሃ መጣ፤ እንደ ወትሮዬ ተነስቼ በርሜሉን ሞላሁ። ቢሮ ስገባ የኦዲት ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ጠበቀኝ። የእረፍቱ ደስታ ግን ወዲያው አልጠፋም። ቡፌው ላይ ልጆቼ ሳህን ይዘው፣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ሲያነሱ አይቻቸው ነበር። ቤት ግን ዳቦ የምቀባላቸው እኔ ነኝ። ከመጣን ወዲህ የቅዳሜ ቁርስ የአባታቸውና የእነሱ ሥራ ሆኗል። እንቁላሉ አንዳንዴ ያርራል፤ እኔ ግን እተኛለሁ። እናቴ ደግሞ ማታ ማታ ባልዲ ውስጥ ሙቅ ውሃ አስደርጋ ልጁን «ና አፍስልኝ» ትለዋለች።

ከአምስት ብትሉኝ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ጾሙን፣ አጎበሩንና የቅዳሜውን ድምፅ ካስተካከሉ አራት ተኩል ይገባዋል። ከጥምቀት በኋላ ልንመለስ ቀብድ ከፍለናል። ከጄኔሬተሩ ራቅ ያለውን፣ በረንዳው ወደ ውሃው የሚያየውን ክፍል ነው የያዝነው፤ የምንገባውም ማክሰኞ ነው።