የሺማኖ «አር 55 ሲ 4» የብስክሌት ፍሬን ጎማ ለዓባይ በረሃ ቁልቁለት

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለባሕር ዳር ሜዳ ርካሹም የፍሬን ጎማ ይበቃል፤ ለዚህ ቁልቁለት ግን አይበቃም።

«አር 55 ሲ 4» ለአሉሚኒየም ቸርኬ የተሠራ ነው፤ በካርቦን ቸርኬ ላይ አይታሰርም። ዋናው ብልጫው ቤቱን (ጎማው የሚገባበትን መያዣ) ሳይፈቱ ጎማውን ብቻ መለወጥ መቻሉ ነው፦ ትንሿን ብሎን ማላላት፣ አሮጌውን ወደ ኋላ ስቦ ማውጣት፣ አዲሱን አስገብቶ ማጥበቅ። ግራና ቀኙ ይለያያል። የቤቱ ዝግ ጫፍ የግድ ወደ ፊት ይሁን፤ ተገልብጦ ከታሰረ ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ጎማውን ጎትቶ ያወጣዋል፣ እዚያ ገደል ላይ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል!

በደረቅ አስፋልት አያያዙ አስተማማኝ ነው። በክረምት ቸርኬው ሲርስ ዘግይቶ ይይዛል፤ አሸዋና የአሉሚኒየም ፍቅፋቂም ይሰካበታል። የመፋጨት ድምፅ ከተሰማ ፍቅፋቂውን በመርፌ ነቅሎ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው።

ፍሬን ያለማቋረጥ መያዝ ቸርኬውን ያግላል፣ የውስጥ ጎማም ሊያፈነዳ ይችላል። ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይሻላል። ፊቱ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ ሳይለውጡ አይውረዱ።